የሰባተኛዋ አፍንጫ

ካንዲዳ ፓሎምባ የቀራጭን ጠባይ የምታውቀው በአውራ ጣቷ ነበር። የወይራ ዘይትና የተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የነካ ጣቷን በተቀረጸው ዛጎል ላይ ቀስ አድርጋ ስታንሸራትት፣ «ይኼ ቸኩሏል» ትላለች። «ይኼኛው ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ ነው የመጣው። ይኼ ደግሞ ጠዋት ቅዳሴ ሰምቷል።» አባቷ ዶን ሊቦሪዮ ይስቁባታል። ይስቁባታል እንጂ፣ ተሳስታ አታውቅም።

በኔፕልስ አጠገብ ባለችው የባሕር ዳር ከተማ፣ በቶሬ ዴል ግሬኮ፣ ደንቡ እንዲህ ነበር፤ ወንድ ይቀርጻል፣ ሴት ታለሰልሳለች። ዛጎሉ ከሩቅ ሞቃት ባሕር በጆንያ ይመጣል። ላዩ ወተት የመሰለ ነጭ፣ ሥሩ እንደ ደረቀ ቴምር የጠቆረ ነው። ቀራጩ ከነጩ ፊት ያወጣል፣ ጥቁሩን ለጀርባ ይተወዋል። ካሜዮ ማለት ይኸው ነው። ነጩ ታዲያ እምብዛም ውፍረት የለውም፤ አንዴ ከተነሣ እንደ ወጣ ቃል ነው፣ አይመለስም። ስለዚህ የቀራጭ ልጅ ገና በዘጠኝ ዓመቱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አጥንቱ ሳይጠና እጁ ከመቅረጫው ጋር አብሮ እንዲያድግ።

አኒዬሎ ሎፍሬዶ ግን ወደዚያ ቤት የመጣው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ያውም ለመቅረጽ አይደለም። አባቱ በጀልባ ያወጡትን፣ ኮራል የሚባለውን ቀይ የባሕር ድንጋይ በቅርጫት ይዞ ሊሸጥ ነበር የመጣው። ዶን ሊቦሪዮ አልነበሩም። ካንዲዳ ያን ጊዜ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነች፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አንዲት ትንሽ ፊት ታለሰልሳለች።

«አባትሽ የሉም?»

«የሉም።»

«ልጠብቃቸው?»

«ወንበር አለ።»

አልተቀመጠም። ቅርጫቱን እንደ ታቀፈ ቆሞ ጣቷን ማየት ያዘ። ድንጋዩ እርጥብ ስለ ነበር ጫማው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ብዙ ከቆየ በኋላ፣ ሰው እንዳይነቃ እንደሚጠነቀቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እየቀሰቀስሻት ነው እንዴ?» አላት።

ካንዲዳ ቀና አለች። ከዚያ በር ላይ ቆመው «ስንት ነው?» ያሏት ብዙ ናቸው። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣና ሥራ ልማር አለ። ዶን ሊቦሪዮ እጁን ይዘው ገለበጡት፤ ገመድ የላጠውን መዳፍ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ይኼ የባሕር እጅ ነው» አሉ። «መረብ ይጎትታል እንጂ የሴት ከንፈር አይቀርጽም። ወለል እጠርጋለሁ ካልክ፣ መጥረጊያው እዚያ አለ።»

ጠረገ። ዓመት ጠረገ። ከዚያ ዛጎል ቆረጠ፣ ከዚያ አዝራር የሚያካክሉ አበቦች፣ ከዚያ እርግብ፣ ከዚያ የሕፃን ፊት። በሰባተኛው ዓመት ወንበሩ ከካንዲዳ ወንበር ትይዩ ሆኖ ነበር፤ በመካከላቸው ያ አንድ መስኮት ብቻ።

በሰባት ዓመት ውስጥ የፍቅር ቃል አልተነጋገሩም። ዛጎሉ የሚቀረጸው በቀለጠ ሙጫ እንጨት ጫፍ ላይ ተጣብቆ ነው። አኒዬሎ አንድ ሥራ በጨረሰ ቁጥር እጀታውን ወደ እሷ አዙሮ ያቀብላታል። ሌሎቹ ጠረጴዛው ላይ ጣል ያደርጉታል። እሱ ያቀብላታል። እንጨቱ ከመዳፉ ሙቀት ጋር እጇ ውስጥ ይገባል፤ ካንዲዳም ሙቀቱ እስኪወጣ ድረስ ሥራ አትጀምርም። ይኸው ነበር።

አባቷ ይህን ሳያዩ አልቀሩም። እራት ላይ፣ አኒዬሎ መጋረጃው ማዶ ዕቃ እየሰበሰበ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ልጄን በዘጠኝ ዓመቱ ላልጀመረ እጅ አልሰጥም» ይላሉ።

«እንግዲያው ለመቅረጫው ዳራት» ትላለች አክስት ራፊሊና፣ የዶን ሊቦሪዮ ታላቅ እኅት። «ከእሱ ቀድሞ የጀመረ የለም።»

አክስት ራፊሊና ስድሳ ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፤ ምክንያቱን ስትጠየቅ አፍንጫዋን ታሳያለች። የፓሎምባ አፍንጫ በከተማው የታወቀ ነው። ከግንባር በቀጥታ ይወርድና መካከሉ ላይ ትንሽ ጉብ ብሎ፣ ያሰበውን የረሳ ይመስል እንደገና ይወርዳል። ካንዲዳም አላት። «ወደዚህ ቤት ያስገባችው ኦርሶላ ናት» ትላለች አክስቷ፤ «የሶሲዮ ሚስት። እሱ መልኩ የሚያምር ሰው ነበር ይላሉ። እሷ ናት ያበላሸችን።»

ሶሲዮ ፓሎምባ የዶን ሊቦሪዮ አያት አባት ነበሩ። የቤቱ ኩራት በእሳቸው ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት፣ ለሰሜን አገር ንግሥት የሰባት ካሜዮ አክሊል የቀረጹ እሳቸው ናቸው ይባላል። ይባላል እንጂ ወረቀት የለም። ካሜዮ ላይ ደግሞ ስም አይጻፍም፤ ሥራው የቤቱ ነው፣ የቤቱ አፍ ደግሞ ማኤስትሮው፣ የሥራው ጌታ፣ ነው። ዶን ሊቦሪዮ ይህን ባወሩ ቁጥር ፀጉር አስተካካዩ፣ «በዚህ ከተማ ቅድመ አያቱ ዘውድ ያልቀረጸ ማን አለ?» ይላቸዋል። «የእኔ እንኳ ሁለት ቀርጿል። አንዱ ሰፍቶ ተመለሰ።»

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ ከዚያው ከሰሜን አገር ቤተ መንግሥት ደብዳቤ መጣ።

የጌጣጌጡ ጠባቂ፣ ወይዘሮ ሲግኔ የተባሉ፣ በጥሩ ጣሊያንኛ ጽፈዋል። ልዕልቲቱ በሚያዝያ ታገባለች፤ የአያቶቿን አክሊል ትደፋለች። ከሰባቱ ካሜዮዎች አንዷ በጦርነቱ ጊዜ አክሊሉ ሲደበቅ ወድቃ ደቅቃለች። በመዝገባችን «የኔፕልስ ወገን ሥራ» ከሚል በቀር የቀራጭ ስም የለም። የጠፋችውን በአሮጌው ሥዕል አስመስላችሁ ብትቀርጹልን፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ አክሊሉን ይዤ እመጣለሁ፤ ይላል።

ዶን ሊቦሪዮ ደብዳቤውን ለፀጉር አስተካካዩ ሁለት ጊዜ አነበቡለት። ቤት ሲገቡ ግን በሩን ዘግተው ተቀመጡ።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ማንም አልነገራትም፤ ካንዲዳ በጣቷ ነው ያወቀችው። አባቷ በሚቀርጿቸው ፀጉሮች ውስጥ ነፋስ እንደነካው ውሃ ያለ ትንሽ ሞገድ ገባ። አኒዬሎም አውቋል፤ እሳቸው ምሳ ሲወጡ ከንፈሩንና የዓይኑን ሽፋን እሱ ይጨርስላቸዋል፤ ሲመለሱ እንዳላዩ ያልፋሉ። ሦስቱም ያውቃሉ፤ ሦስቱም ዝም ብለዋል።

በማግስቱ ዶን ሊቦሪዮ አኒዬሎን ጠሩት። ሥዕሉን ዘረጉለት፤ ከመቶ ዓመት በፊት በቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ የተሣለ ነው። በፀጉሯ የስንዴ ዛላ የሰካች ሴት በጎን ትታያለች። ግንባሯና አፍንጫዋ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

«ከዚህ ሥዕል ፀጉር ታህል አትወጣም።»

«እሺ፣ ማኤስትሮ።»

«ሴትየዋ የእኔ እጅ መስሏት ትሄዳለች።»

«እዚህ ቤት መቼ ስም ጽፈን እናውቃለን?»

ዶን ሊቦሪዮ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። «በነጻ አልልህም። ስትጨርስ የምትፈልገውን ትነግረኛለህ።»

«ስጨርስ እነግርዎታለሁ» አለ አኒዬሎ።

መስኮቱ ሥር የካንዲዳ ጣት ዛጎሉ ላይ ቆመ። ምን እንደሚጠይቅ አወቀች። አባቷም ሳያውቁት አልቀሩም፤ ግን ምንም አላሉም። ለካንዲዳ ያ ዝምታ እንደ ተስፋ ነበር።

አምስት ሳምንት ቀረጸ። ዛጎሎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሣ፣ ስንጥቅ እንደሌለው ያረጋገጠውን መረጠ። በመጀመሪያው ሳምንት ስንዴው ወጣ፤ ዛላው ከመሳሳቱ የተነሣ ጥቁሩ ከሥሩ ብቅ ብሎ ያረጀ ወርቅ አስመሰለው። ከዚያ ፀጉሩ፣ ከዚያ ጆሮው። ሥዕሉ ከፊቱ ተሰክቷል። ዓይኑ ሲደክመው ለማሳረፍ ቀና ይላል። ቀና ሲል መስኮቱ አለ። መስኮቱ ፊት ካንዲዳ አለች፤ በጎን፣ አጎንብሳ።

የእመቤታችን በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ጨረሰ። እጀታውን አዙሮ አቀበላት። ካንዲዳ ሙቀቱ እስኪወጣ ጠበቀች፤ ከዚያ ጣቷን ዘይትና ዱቄቱ ውስጥ ነክራ ከስንዴው ጀመረች። ጣቷ በግንባሩ ወረደ። አፍንጫው ላይ ደረሰ። መካከሉ ላይ ትንሽ ወጣ አለና እንደገና ወረደ።

ቆመች። እንደገና ከግንባሩ ጀመረች። ጣቷ እንደገና እዚያው ላይ ወጣ አለ። ግራ እጇን አንሥታ የራሷን አፍንጫ ዳሰሰች።

«አኒዬሎ።»

«እ?»

«ይኼ ሥዕሉ ላይ የለም።»

መጥቶ አየ። ሥዕሉን ከዛጎሉ ጎን አስጠግቶ ደግሞ አየ።

«ከሥዕሉ ነው የሠራሁት። በማርያም፣ ከሥዕሉ ነው።»

«የሥዕሉማ አፍንጫ ማስመሪያ ነው።»

ወደ ሥዕሉ ዞረ። ካንዲዳ የዘይት ጠብታውን ከጣቷ ጠረገች።

«እንግዲያው አፍንጫውን ስሠራ ሥዕሉን አላየሁትም ማለት ነው» አለ በመጨረሻ።

ሰባት ዓመት ያልተባለው ቃል ያን ጊዜ ተባለ። መንገድ ላይ የአሣ ሻጭ ድምፅ አለፈ፤ ሁለቱም የተጠሩ ይመስል ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ ተመለሱ።

«ልታጠፊው ትችያለሽ» አላት። «ጉብታው ነጩ ላይ ነው ያለው። አንድ ሰዓት በጣትሽ ብትፈጪው ቀጥ ይላል። አባትሽም አያውቁም፣ ሴትየዋም አታውቅም።»

«አንተስ?»

«እኔ አንዴ ቀርጬዋለሁ። ይበቃኛል።»

ካንዲዳ ወንበሯ ላይ ተመለሰች። አንድ ሰዓት። በአንድ ሰዓት የአባቷ ስም ይድናል፤ አኒዬሎም ቃል የተገባለትን በሙሉ አንደበት ይጠይቃል። እሷ እንጂ ሌላ ማንም ሊያደርገው አይችልም። ጣቷን ዱቄቱ ውስጥ ነክራ ጉብታው ላይ አሳረፈች። አንድ ጊዜ አዞረች። ሁለት ጊዜ አዞረች።

ከዚያ በላይ ጣቷ እንቢ አላት። በሕይወቷ የተጣደፈውንም የተቆጣውንም ሥራ አለስልሳለች፤ እንዲህ እውነቱን የተናገረ ሥራ ግን እጇ ላይ ገብቶ አያውቅም። ይህን ፈጭታ አጥፍታ በበዓሉ ማርያም ፊት ሻማ ልታበራ ነው? ደግሞም፣ ለምን ትዋሽ፣ ሌላም ነገር ነበር። በመስታወት ስታየው ያፈረችበት ነገር፣ በዚያ ነጭ ላይ ሲታይ የሚያኮራ ነበር።

«ይኼ አፍንጫ ሰው አልገደለም» አለች።

«ያባርሩኛል፣ ካንዲዳ።»

«ያባርሩህ ይሆናል። ውሸት ግን በእኔ ጣት አያልፍም።»

ጉብታውን ደግማ ደጋግማ አለሰለሰችው፤ ለማጥፋት ሳይሆን እንዲያበራ።

ዶን ሊቦሪዮ በማግስቱ ማለዳ ካሜዮዋን መስኮቱ ጋ ወስደው፣ ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው አዩ። ስንዴውን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንገቱን ሲያዩ «ጥሩ» አሉ፤ ጥሩ የሚል ቃል ከአፋቸው በዓመት አንዴ ቢወጣ ነው። ከዚያ አፍንጫው ላይ ደረሱ። ማጉያውን አወለቁ።

«ማናት ይቺ?»

«ማኤስትሮ፣ ስጨርስ እጠይቅዎታለሁ ያልኩት ነገር…»

«ጠየቅከኝ እኮ። በንግሥት ግንባር ላይ ጽፈህ ጠየቅከኝ።» አልጮኹም። እጃቸው ግን ኪሳቸው ውስጥ ሆኖ እንኳ መንቀጥቀጡ ይታይ ነበር። «መቶ ሃምሳ ዓመት ይኼ ቤት አንዲት ቀን ጠበቀ። ያቺን ቀን አበላሸህብኝ። የባሕር እጅ ነው ብዬ ነበር፤ መጥረጊያውን ሳልነጥቅህ ሂድ።»

«አባዬ፣ እሱን ብቻ አይበሉ» አለች ካንዲዳ። «ማጥፋት እችል ነበር። አውቄ ነው የተውኩት።»

«አንቺም?»

«እኔም።»

አኒዬሎ መቅረጫዎቹን ጨርቅ ላይ በተርታ አስቀመጠ፤ የቤቱ ናቸውና አልወሰዳቸውም። ሽርጡን አጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረና ወጣ። አክስት ራፊሊና ከወጥ ቤት በር ሆና ሁሉን ሰምታለች።

«ይኼን አፍንጫ ስድሳ ዓመት ተሸከምኩት፣ ዞር ብሎ ያየው የለም» አለች ለወንድሟ። «አሁን አንድ ሰው ተነሥቶ ለንግሥት ይገባል ብሎ ቀረጸው። አንተ አባረርከው። እንግዲህ ለሴትየዋ አዝራር ሽጥላት።»

ወይዘሮ ሲግኔ ከሁለት ጠባቂዎች ጋር የመጡት በበዓሉ ዋዜማ ነው፤ ረጅም፣ ሽበታም፣ ግራጫ ጓንት ያጠለቁ ሴት። ዶን ሊቦሪዮ የሠርጋቸውን ጥቁር ልብስ ለብሰው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ተቀበሏቸው። ሌሊቱን አልተኙም። እንቢ ብለው ሊመልሷቸውም አሰቡ፤ ግን ፓሎምባ የሠራውን ይደብቃል አይባልም።

«ወይዘሮ፣ ሳያዩት በፊት ልንገርዎ» አሉ። «ሥራው እንደ ሥዕሉ አልሆነም። ስሕተት አለበት። አፍንጫው ላይ።»

ወይዘሮ ሲግኔ ካሜዮዋን በሁለት ጣታቸው አነሡ። አዩ። ብዙ አዩ። በዚህ መካከል ካንዲዳ በማር የተለወሰ ጣፋጭ በሳሕን ይዛ ገባች። ሴትየዋ ቀና ብለው እሷን አዩ፤ እንደገና ካሜዮዋን አዩ። ሊስቁ ነው ብላ ካንዲዳ ራሷን አላጎነበሰችም፤ እንዲያውም ወደ ብርሃኑ ዞር ብላ፣ ልክ እንደ ካሜዮዋ በጎን ቆመችላቸው።

ሴትየዋ ግን አልሳቁም።

«ዶን ሊቦሪዮ፣ ይኼን ሥዕል የሣለው ሰው ሥራው ምን እንደ ነበር ያውቃሉ? ማሳመር። የጎበጠ ንጉሥ ቀጥ ያደርጋል፣ የወፈረች ንግሥት ያቀጥናል። እኛ ስሕተቱን የምናውቀው ዋናውን ስለምናይ ነው። እርስዎ ግን አክሊላችንን አይተውት አያውቁም።»

«ኧረ የት አይቼው።»

ወይዘሮ ሲግኔ የአክሊሉን ሣጥን ከፈቱ።

አክሊሉ ከወርቅና ከትንንሽ ዕንቁ የተሠራ ነው፤ ካንዲዳ ግን ወርቁን አላየችም። ስድስት ሴቶች በጎን ተሰልፈዋል፤ አንዷ ወይን፣ አንዷ ጨረቃ፣ አንዷ የጦር ቆብ ይዛለች። በመካከላቸው አንድ ባዶ ቦታ አለ። ስድስቱም አፍንጫቸው ከግንባር በቀጥታ ይወርዳል፤ መካከሉ ላይ ትንሽ ጉብ ይልና፣ ያሰበውን የረሳ ይመስል፣ እንደገና ይወርዳል።

ከወጥ ቤቱ በር ሳሕን ሲወድቅ ተሰማ። አክስት ራፊሊና ነበረች።

«መንካት አይፈቀድም አይደል?» አለች ካንዲዳ በቀስታ።

«ፈጽሞ አይፈቀድም» አሉ ወይዘሮ ሲግኔ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ባሕራችሁ ዛሬ ጸጥ ብሏል። ትንሽ ልየው።»

ካንዲዳ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ዓይኗን ጨፈነች። ጣቷ የመጀመሪያዋ ላይ አረፈ፣ ሁለተኛዋ ላይ፣ ሦስተኛዋ ላይ። ያልታወቀ እጅ ነበር፤ ከአባቷ እጅ የጠነከረ፣ ከአኒዬሎ እጅ የዘገየ።

«አልቸኮለም» አለች። «ጠዋት ቅዳሴ ሰምቷል። ከማንም ጋር አልተጣላም።» ስድስተኛዋ ላይ ቆመች። «አባዬ፣ ሲቀርጽ ትይዩ የተቀመጠች ሴት ነበረች።»

«ኦርሶላ» አለች አክስት ራፊሊና ከበሩ። ሌላ አልጨመረችም፤ ይህም ለእሷ እንግዳ ነገር ነው።

ዶን ሊቦሪዮ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። በፀጉር አስተካካዩ ቤት ሲሳቅባቸው የኖረው ነገር፣ አባታቸውም አያታቸውም ያለ ወረቀት ይዘውት የሞቱት ነገር፣ እዚያ ሣጥን ውስጥ በስድስት አፍንጫ ተጽፎ ኖሯል።

«ሊቃውንት ይኼን ማስረጃ አይሉትም ይሆናል» አሉ ወይዘሮ ሲግኔ፣ ሰባተኛዋን ባዶው ቦታ ላይ እያኖሩ። ልክ ገባች፤ ሰባቱ አንድ ቤት ሆኑ። «መዝገቡ ግን የእኔ ነው። የሶሲዮ ፓሎምባን ስም እጽፋለሁ፤ ከጎኑም ቤተሰቡ እንደሚለው ብዬ። የሰባተኛዋንስ? የእርስዎ እጅ ልበል?»

ካንዲዳ አባቷን አላየቻቸውም፤ ጠረጴዛውን ነበር የምታየው። አዎ ቢሉ ማንም አይከሳቸውም። ደንቡም ያው ነው፤ ሥራው የቤቱ ነው፣ የቤቱ አፍ ማኤስትሮው ነው። ሁለት ፓሎምባዎች በአንድ ገጽ፣ ለልጅ ልጅ።

ዶን ሊቦሪዮ ከጠረጴዛው ሥር የደበቁትን እጅ አወጡና ጠረጴዛው ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ አኖሩት። እጁ ተንቀጠቀጠ። የጣፋጩ ሳሕን አብሮት ተንቀጠቀጠ።

«ይቺ እጅ ከአምና ጀምሮ ከንፈር አልቀረጸችም» አሉ። «ብትቀርጽም በሥዕሉ ነበር የምትሄደው፤ አፍንጫውን ቀጥ ታደርገው ነበር፤ ሰባተኛዋም በእኅቶቿ መካከል ባዕድ ትሆን ነበር። ይቺን ልጅ ሃያ አምስት ዓመት አየኋት፣ ወይዘሮ። እንዲህ አድርጌ ግን አላየኋትም። ይኼ የአባት ዓይን አይደለም።» ወደ ካሜዮዋ ጠቆሙ። «ይጻፉ። አኒዬሎ ሎፍሬዶ። የጀልባ ሰው ልጅ።»

በበዓሉ ቀን የማርያም ሐውልት ያለበት ሠረገላ በትከሻ በሚወጣበት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ወንዶቹ ለነገው መሸከሚያ ግንዱን ያስራሉ። ካንዲዳ በሩጫ አልመጣችም፤ መሐረቧን አስተካክላ፣ በመካከላቸው አልፋ፣ አኒዬሎ ገመድ የሚጎትትበት ቦታ ላይ ቆመች።

«አባቴ ይጠሩሃል።»

ገመዱን አልለቀቀም። «መጥረጊያውን ሊነጥቁኝ?»

«ስለ አፍንጫዬ ሊያነጋግሩህ።»

ከግንዱ ሥር ያሉት ሳቁ። «ሂድ እንጂ አንተ» አለው አንዱ፣ «እንዲህ ያለ አፍንጫ ሁለት ጊዜ አይጠራም።» አኒዬሎ አልሳቀም፤ ፊቷን እያየ ነበር፤ ከፊት ለፊት፣ በጎን ሳይሆን። ገመዱን አስሮ ተከተላት። መንገድ ላይ ሁሉን ነገረችው፤ ስድስቱን፣ ኦርሶላን፣ ጠረጴዛው ላይ ያረፈውን እጅ። እሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«እሳቸው ራሳቸው ስሜን አሉት?»

«ከነአባትህ ስም።»

ዶን ሊቦሪዮ በራሳቸው ወንበር ላይ ነበሩ። አሮጌውን ሥዕል ከፊታቸው ዘርግተው እርሳስ ይዘዋል። ሲገቡ ቀና አላሉም። ግራ እጃቸው የቀኙን አንጓ አጥብቆ ይዟል፤ እርሳሱ በማስመሪያው አፍንጫ ላይ እየተንቀጠቀጠ ወረደ። መስመሩ የሽማግሌ መስመር ነበር፣ የተሰባበረ። መካከሉ ላይ ሲደርስ ግን ጉብታው በትክክል ቦታው ላይ ወደቀ።

«አሁን ልክ ሆነ» አሉ፤ እርሳሱን አስቀመጡ።

ያ ሥዕል ከወንበሩ በላይ ተሰቀለ፤ ዛሬም እዚያው አለ። በሚያዝያ ልዕልቲቱ ስታገባ ፎቶግራፏ በመጽሔት ወጣ፤ አክስት ራፊሊና ቆርጣ በቦርሳዋ ይዛ ዞረች፤ ለፀጉር አስተካካዩም አሳየችው። «ሰባት ጊዜ ቤተ መንግሥት ገባሁ» አለችው። «አንተን አንዴም አልጠሩህ።»

በዚያ የዋዜማ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ገና ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዶን ሊቦሪዮ ከወንበራቸው ተነሡ፤ የቀራጩን ሽርጥ ከተቀመጠበት አንሥተው ለአኒዬሎ አቀበሉት።

«ልትጠይቀኝ የነበረውን አልሰማም» አሉት። «እሷን ጠይቃት። የእኔ ሆኖ የምሰጥህ ይኼን ቦታ ነው።» ባርኔጣቸውን አድርገው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ሳይከቱ፣ ወደ ከተማው ወጡ።

አኒዬሎ ሽርጡን እንደ ታቀፈ ቆሞ ቀረ፤ ያን ጊዜ ቅርጫቱን እንደ ታቀፈው። ካንዲዳ መስኮቱ ሥር ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች። ከታች ከቤተ ክርስቲያኑ የዋዜማው ደወል ጀመረ።

«ካንዲዳ» አለ። በዛጎል ያለውን ማን በአፍ ይደግመዋል? «መልሱን… ልጠብቅ?»

ጣቷን በሽርጧ ጠረገች፤ ፈገግ አለች።

«ወንበር አለ» አለችው።

በዚህኛው ጊዜ ተቀመጠ።